ልብ ሲሸፍት ማን ይጠየቃል?

በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ አንድ የማውቀው ሰው አለ። ሚስቱ ወደ ጅዳ ከሄደች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ሐይቅ ከተማ ከአያታቸው ጋር ናቸው፤ እሷ በምትልከው ገንዘብ የተጀመረው ቤት ቆርቆሮው ተመትቶ ልስኑ ቀርቷል። ይህ ሰው አብራው የምትሠራ አንዲት ሴት አፍቅሯል። እጇን ይዞ አያውቅም፤ እወድሻለሁ የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ማታ ደግሞ በስልክ ያወራሉ። ስለ ምን ቢባል፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ነው። ቁጥሯ ግን በስልኩ ላይ በስሟ አልተመዘገበም፤ «ጋራዥ» ይላል። ሰውየው መኪና የለውም።

ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳብቀውንም ነገር ለውጫለሁ። ነግሮኝ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እስካሁን ምን አጠፋሁ?» ጥያቄው ለአፍ ቀላል ይመስላል። ለእሱ ምላሽ ስፈልግ ግን የምናውቃቸው መልሶች ሁሉ ጎዶሎ ሆነው አገኘኋቸው። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የሚጠየቀው «አብረው ተኝተዋል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ወሬው ጣዕም ያጣል፣ ሰውየውም ነጻ ይወጣል፤ «አዎ» ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ አገር ግን፣ ብዙ ባለትዳሮች ዓመታት የሚኖሩበት አገር፣ ዳኛም ሽማግሌም የሌለው ሆኖ ይቀራል።

ወሎ ውስጥ ይህ ነገር ዛሬ ከሌላው ጊዜ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከቆቦ አካባቢ ወደ ዓረብ አገራት የሄደ ወይም የሚሄድ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የቤት ሠራተኝነት ውል በተለምዶ የሁለት ዓመት ነው፤ ግን ዕዳው ካላለቀ፣ ቤቱ ካልተጠናቀቀ፣ ልጁ ትምህርቱን ካልጨረሰ ውሉ ይታደሳል፤ ሁለቱ ዓመት አራት፣ አራቱ ስድስት ይሆናል። በ2006 ዓ.ም ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ በወራት ውስጥ ተገፍተው ሲመለሱ፣ ወደ ቀዬአቸው ከደረሱት ብዙዎቹ የተላከው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ትዳሩም እንደተዉት እንዳልጠበቃቸው ያዩበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ለቤት ሥራ ወደ ውጭ መሄድ ታገደ፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም እስኪነሳ ድረስም መንገዱ በየመንና በባሕር ቀጠለ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ባል በአንድ በኩል ሚስት በሌላ በኩል የተሰደዱበት ቤት ብዙ ነው። የተለያዩ ባለትዳሮች ሲበዙ፣ አጠገብ ያለ ሰው የልብ መጠጊያ የሚሆንበት አጋጣሚም ይበዛል። ስለዚህ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጅዳ ያለችው ሚስቱም በአሠሪዋ ቤት በር ላይ የሚቆመውን አንድ የአገሯን ልጅ እያሰበች ታድር እንደሆነ ማን ያውቃል።

ምላሽ ፍለጋዬን የጀመርኩት ከራሱ ከአማርኛ ነው፤ ቋንቋው ከእኛ በፊት ብዙ አስቦበታልና። «ፍቅር ያዘኝ» እንላለን። ልክ «ወባ ያዘኝ»፣ «ጉንፋን ያዘኝ» እንደምንለው ነው። ያዡ ፍቅር ነው፣ ተያዡ እኔ ነኝ። «ልቤ ሸፈተ» ስንልም ሸፋቹ ልብ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ እንዳለ ልቡ ብቻውን ጫካ ገባ ማለት ነው። በእነዚህ አባባሎች ውስጥ ሰውየው አድራጊ ሆኖ አይገኝም። ቀጥለው የሚመጡትን ግሦች ግን ልብ ብለን እንያቸው፦ ደወልኩ፣ ቀጠርኩ፣ ደበቅኩ፣ ሰረዝኩ፣ ዋሸሁ፣ ማገጥኩ። እዚህ ላይ ፍቅርም ልብም የሉም፤ ባለቤቱ «እኔ» ነው። ማንም «ውሸት ያዘኝ» ብሎ አያውቅም። ይህ ለእኔ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የተያዘ ሰው ስለ መያዙ አይጠየቅም፤ ከተያዘ በኋላ በእጁና በአፉ ስላደረገው ነገር ግን ይጠየቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። «ወዳጅ» የምትለዋ ቃል ሁለት ፊት ያላት ናት። «ወዳጄ ነው» ሲባል የልብ ጓደኛ ነው፤ «ወዳጅ ይዛለች» ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው፣ «ውሽማ»ን በጨዋ አፍ መጥራት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት «ይዛለች» የምትለዋ ግሥ ብቻ ናት። ፍቅር ሲይዘን ምንም አላደረግንም፤ ወዳጅ ስንይዝ ግን እኛ ነን ያዦቹ።

ወሎ በአንድ ጣሪያ ሥር ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች የሚኖሩበት አገር ስለሆነ፣ ስለዚህ ጉዳይ ያሉት ታሪኮችም በሁለት አንደበት ይነገራሉ። የያዕቆብን ልጅ ዮሴፍን ክርስቲያኗ አያት ከኦሪት ዘፍጥረት ትተርከዋለች፤ ሙስሊሙ አያት ደግሞ ዩሱፍን ከቁርኣን አሥራ ሁለተኛ ምዕራፍ ይተርከዋል። በኦሪቱ ዮሴፍ ልብሱን በጌታው ሚስት እጅ ጥሎ ይሸሻል፤ በቁርኣኑ ደግሞ ሁለቱ ወደ በሩ ይሽቀዳደማሉ፣ ቀሚሱም ከኋላ ይቀደዳል፣ ከኋላ መቀደዱም ሸሺው እሱ እንደነበረ ምስክር ይሆንለታል። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚገርመኝ ቁርኣን ስለ ዩሱፍ ልብ የሚናገረው ነው፤ የጌታውን ማስረጃ ባያይ ኖሮ እሱም ወደ እርሷ ባዘነበለ ነበር ይላል። ተንታኞች በዚህ አንቀጽ ብዙ ተከራክረዋል። ቢሆንም ለተራው አድማጭ የሚደርሰው መልእክት፣ የዩሱፍ ክብር ልቡ ድንጋይ በመሆኑ ሳይሆን እግሩ ወደ በሩ በመሮጡ የተገኘ መሆኑ ነው። የቀሚሱ ቀዳዳ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መርምሮ ፍርድ መስጠትም፣ ልብን ሳይሆን ድርጊትን መመርመር ነው።

የዳዊት ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። ንጉሡ ወደ ማታ ከመኝታው ተነሥቶ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ አንዲት ሴት ስትታጠብ አየ። አየ፣ ጠየቀ፣ ላከ፣ ወሰደ። አራት ግሦች ናቸው፣ ከዚያም ባሏን ኦርዮንን ጦርነት በጸናበት ግንባር አስቀድሞ ማስገደል ይከተላል። ከአራቱ ውስጥ የመጀመሪያው በራሱ ኃጢአት ነው የሚል አንባቢ ጥቂት ነው፤ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያያል። ጥያቄው «ማን ናት?» ብሎ ሰው የላከበት ጊዜ ነው የጀመረው፤ ምክንያቱም የኦርዮን ሚስት መሆኗ በዚያው ጊዜ ተነግሮታል፤ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ አውቆ አደረገው። ምእመናን በየዕለቱ የሚያደርሱት መዝሙር 50 የንስሐ መዝሙር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርስቲያን አንባቢ ይቃወመኛል፣ መቃወሙም ትክክል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሴትን አይቶ የተመኛት በልቡ አመንዝሯል የሚል ቃል አለ። እንግዲያው በልብም ማጥፋት ይቻላል ማለት አይደለምን? ይቻላል። ነገር ግን የግሪክኛው ምንባብ «ለመመኘት ብሎ የሚያይ» ወደሚለው ያዘነብላል፤ ማለትም የሚወቀሰው ዓይኑ ላይ ያረፈበት ሳይሆን ዓይኑን ሆን ብሎ ያሳረፈው ነው። ከጥንት የግብፅ በረሃ መነኮሳት መካከል አንዱ፣ ክፉ ሐሳብ እየበዛበት የተቸገረን ወንድም ወደ ውጭ አውጥቶ «ደረትህን ክፈትና ነፋሱን ያዘው» አለው ይባላል። «አልችልም» ሲለው፣ «ሐሳብ እንዳይመጣም ልትከለክል አትችልም፤ መቋቋም ግን የአንተ ድርሻ ነው» ሲል መለሰለት።

በእስልምናም መንገዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። አላህ የነቢዩን ተከታዮች ነፍሳቸው ለምታወራቸው ነገር፣ እስካልተናገሩት ወይም እስካልሠሩት ድረስ፣ ይቅር እንዳላቸው በሐዲስ ሰብሳቢዎቹ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ አለ። «እስካልተናገሩት» የምትለዋን ቃል ሰዎች ብዙ ጊዜ ያልፏታል። ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ግን ሙሉ ጉዳዩ ያለው እዚያች ላይ ነው፤ እጁ ምንም ባይሠራም አፉ በየማታው ይሠራልና። ከዚህ በላይ ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በሚስቶቻቸው መካከል ጊዜያቸውን ካካፈሉ በኋላ፣ «ይህ በያዝኩት ነገር ያካፈልኩት ነው፤ አንተ በያዝከውና እኔ በማልይዘው አትውቀሰኝ» ብለው ይለምኑ እንደነበር ተዘግቧል፤ ሊቃውንቱ «እኔ የማልይዘው» የተባለው የልብ ዝንባሌ ነው ይላሉ። ጊዜ ይካፈላል፣ ልብ አይካፈልም። ይህን የመሰለ ግልጽ ልዩነት በሌላ ቦታ አላየሁም።

ታዲያ ፍቅሩ ከያዘን፣ የምንጠየቀው በምኑ ነው? ትዳር ቃል ነው፤ በተክሊልና በቁርባን ቢሆን፣ በኒካህ ቢሆን፣ በሰማንያ ቢሆን። ቃል ደግሞ የሚገባው በእጃችን ባለ ነገር ላይ ነው። «ዘወትር ልቤ ይመታልሻል» ብሎ የሚምል ሙሽራ የማይችለውን ነው የማለው። የሚችለው ግን ብዙ ነው፦ እጠብቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም፣ ስትደክሚ አለሁ፣ የልቤን ወሬ መጀመሪያ ለአንቺ እነግርሻለሁ። በእኔ አስተያየት ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ የልብ ወዳጅነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርቀው ይህን የመጨረሻውን ነው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ስለ ልጁ የሒሳብ ፈተና ውጤት መጀመሪያ የሚነግራት አብራው የምትሠራዋን ነው። ጅዳ ያለችው እናትየው የምትሰማው ኀሙስ ማታ ነው፤ ያውም «ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ። ማንም ሰው አልነካም። ግን በዚያ ትዳር ውስጥ የነበረው ጨዋታ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ እናቷ ወገብ ሕመም የነበረው ወሬ በሙሉ አድራሻውን ቀይሯል።

ያንን ቁጥር «ጋራዥ» ብሎ የመዘገበው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ነው። ባለቤቱ አገር ውስጥ የለችም፤ ስልኩን የሚመረምርበት ሰው የለም። ከማን ነው የደበቀው? ሰው ነገሩን በመጀመሪያ የሚደብቀው ከራሱ ነው፤ ከሌላው የሚደብቀው በኋላ ነው። ሁሉ የልብ ነገር ለትዳር ጓደኛ መነገር አለበት የሚል እምነት የለኝም። አላፊ ስሜትን እየዘረገፉ ሌላውን ማቁሰል እውነተኛነት ሳይሆን ሸክምን አራግፎ በሌላው ትከሻ ላይ መጫን ነው፤ የአገራችን ሰዎች «ነገር ሁሉ አይነገርም» ሲሉ ይህንን ያውቃሉ። ዝም ማለት በራሱ ማታለል አይደለም። ዝምታው ሥራ ሲጠይቅ ግን፣ ስም መለወጥ ሲያስፈልግ፣ የቴሌግራም መልእክት ማጥፋት ሲጀመር፣ የኢሞ ጥሪ ሲመጣ ወደ ውጭ መውጣት ልማድ ሲሆን፣ ያ ዝምታ ዝምታ መሆኑ ቀርቷል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዚህ ዘመን ግን ብቅል እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ስልኩ ቀድሞ ያወጣዋል።

ሕጉ የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል፤ ሕጉም እዚህ ቦታ ብዙ አይደርስም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በትዳር ላይ ያሉ ሰዎች ታማኝ እንዲሆኑ ያዝዛሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 ዝሙትን ወንጀል ያደርገዋል፤ ሆኖም ተበዳዩ የትዳር ጓደኛ ካላመለከተ በቀር ዐቃቤ ሕግ አይነካውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝሙትን ለፍቺ ከባድ ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች መካከል አስቀምጦት ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን ባልና ሚስት ምክንያታቸውን ሳይገልጡ መፋታት እንዲችሉ አድርጓል። ማፍቀርን የሚከስ አንቀጽ ግን የለም፤ ይህም ተገቢ ነው። ፍርድ ቤት ልብ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ሐሜት ብቻ ነው።

ከሕጉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው፣ ይህንን ፍርድ በወንድና በሴት ላይ በተለያየ ሚዛን የምንመዝነው መሆናችን ነው። ሚስቱ በስደት ያለች ወንድ ልቡ ሲሸፍት «ወንድ ነው፣ ምን ያድርግ» ይባላል፤ ቡና ላይ ያሉ አሮጊቶች እንኳ ከንፈራቸውን መጠው ያዝኑለታል። ባሏ ሳዑዲ ያለች ሴት ግን ሱቅ ደጃፍ ቆማ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ሁለት ጊዜ ከሳቀች፣ ወሬው ከሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) አልፎ ባሏ ጆሮ ለመድረስ ሦስት ቀን አይፈጅበትም፣ የሚልክላት ገንዘብም ይቆማል። ስሜቱ አንድ ነው፣ ድርጊቱም አንድ ነው። ሰውነቷ በገንዘብ የተገዛ ዕቃ ነው ብለን የምናምን ካልሆነ በቀር ለዚህ ልዩነት የሚሆን ምክንያት ማቅረብ አንችልም። በስደት ያለችው ሴት በአንጻሩ ገንዘቧን ትልካለች፣ ቤቱን ትሠራለች፣ ልጆቹን ታስተምራለች፤ ልቧ ግን እንደ ስንቅ ታስሮ እንዲቀመጥ ይጠበቃል።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። በገጠሩ ወሎ ገና ልጅ ሳሉ፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ለማያውቁት ሰው የተሰጡ ሴቶች ዛሬ የአርባና የሃምሳ ዓመት እናቶች ናቸው። ሕጉ ዛሬ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጎታል፣ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ እነሱ ግን ያገቡት ከሕጉ በፊት ወይም ከሕጉ ጀርባ ነው። እንዲህ ያለች ሴት በሠላሳ ዓመቷ ሰው ብታፈቅር «ቃልሽን አፈረስሽ» ልንላት እንችላለን? የትኛውን ቃል? አባቷ በእሷ ፈንታ የሰጠውን? ከዚያ በኋላ በገዛ ፈቃዷ ከባሏ ጋር የገነባችው ነገር፣ የወለደቻቸው ልጆች፣ የተካፈለችው ድርቅና ጥጋብ ዋጋ የለውም አልልም፤ ዋጋ አለው። ነገር ግን የአፍቃሪነቷን ጥፋት ከግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጥፋት ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ዳኝነት አያውቅም። ፍቅር ጥፋት ሊሆን የሚችለው መጀመሪያ የተሰጠ እውነተኛ ቃል ካለ ነው።

የወሎ ሰው ለልብ ናፍቆት ቦታ የሰጠው ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በአገራችን ስም የተጠሩ ናቸው። በሠርግ ላይ ሃያ ዓመት በትዳር የቆየ ሰው በአምባሰል ቅኝት ስለ አንዲት ሩቅ ዓይናማ ይዘፍናል፤ ሚስቱ አጠገቡ ሆና ታጨበጭባለች። «ማን ናት?» ብላ አትጠይቀውም። በዜማው ውስጥ ያለችው ሴት ስም የላትም፣ ስልክ ቁጥርም የላትም፤ ሁሉም ሰው የራሱን ያጣውን ሰው በዚያች ውስጥ ያስቀምጣል። ለናፍቆት እንዲህ ያለ ሰፊ ግቢ የሠራ ሕዝብ፣ ናፍቆትን ሁሉ እንደ ክህደት ይቆጥራል ማለት ያስቸግራል። ዘፋኙ ዘፈኑን ጨርሶ ሲቀመጥ ሚስቱ ጠላውን ታቀብለዋለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ነገሩ እዚያ የማያበቃበት ጊዜስ? ፍቅሩ አላፊ ካልሆነ፣ ዓመታት ካስቆጠረ፣ ትዳሩም በሁለቱም ወገን ባዶ ቤት ከሆነ፣ የሚቀረው ሐቀኛ መንገድ መለያየት ነው። ይህን ስል ፍቺ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ተረት በየሰፈሩ ሥጋ ለብሶ ሲሄድ አይቻለሁ። ግን አባቶቻችን መለያየትን ከመደበቅ የባሰ ነውር አድርገው አያዩትም ነበር። የሰማንያ ጋብቻ ሲፈርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ከብቱና እህሉ ይካፈላል፣ ሁለቱም ዳግም ያገቡ ነበር። ከአምባሰል የወጡት እቴጌ መነን በ1903 ዓ.ም ደጃዝማች ተፈሪን (የኋላውን ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን) ከማግባታቸው በፊት አግብተው ልጆች ወልደው ነበር፤ ይህም ዘውድ ከመጫን አላገዳቸውም። ቁርባን ለገባው ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ምክንያቱም የገባው ቃል ራሱ ከሌላው የከበደ ነው። በእስልምናም የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ወደ ነቢዩ ቀርባ በባሏ ጠባይም ሆነ በሃይማኖቱ እንከን እንደሌለበት፣ ግን አብራው መኖር እንደማትችል ተናገረች፤ ለመህር (ለጋብቻ ስጦታ) የሰጣትን የአትክልት ቦታ እንድትመልስለት ተደርጎ ተለያዩ። ስለ ልቧ ሌላ ምርመራ አልተደረገባትም። ደብቃ ብትኖር ኖሮ ግን ሁለት ሰው ታታልል ነበር፤ ባሏንና ራሷን።

የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጥያቄውን ለእኔ ብቻ አልነበረም ያቀረበው። ከእኔ በፊት ሐይቅ ወዳሉ አንድ ሼህ ሄዶ ነበር። ሼሁ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ጀባውን ከተቀበሉ በኋላ፣ አንድ ነገር ጠየቁት። «ልጄ፣ ሚስትህና ያቺ ልጅ እኩል ቢደውሉ የማንን ታነሳለህ?» «ምን አልኳቸው መሰለህ?» አለኝ። «ምንም። መልሱን ግን ዝም ስል አዩት።» ይህች ጥያቄ ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ ትክክለኛውን ቦታ የነካች ይመስለኛል። ማንን እንደሚወድ አልጠየቁትም፤ የጠየቁት የማንን ስልክ እንደሚያነሳ ነው። ያፈቀራት ሴት ለእሱ የማትመረጥ ብትሆን ኖሮ፣ ማፍቀሩ ብቻ ማንንም ባልጎዳ ነበር። ለሚስቱ የተገባው ጊዜና ቃል በየማታው ወደ ሌላ ሲሄድ ግን የተጎዳች ሰው አለች፤ የተጎዳችውም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ በሰው ወጥ ቤት ቆማ ስለ ልስኑ ገንዘብ የምታስላ ሴት ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡና ልንጠጣ ተገናኘን። ኀሙስ ማታ ሚስቱ ስትደውል እንደወትሮው «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ሊዘጋው እንደነበር፣ ከዚያ የልጁ ሒሳብ ፈተና ትዝ ብሎት ስለ ውጤቱ ማውራት እንደጀመረ ነገረኝ። አሠሪዎቿ ተኝተው ስለነበር በሹክሹክታ ነው ያወሩት፤ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ አሸንዳው እንዲሠራ ነግራዋለች፣ ልስኑ ሌላ ዓመት ይቆይ ብላለች። «ስለዚያኛውስ?» አልኩት። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «ጋራዥ» አሁንም እዚያው አለ። «አልሰረዝኩትም» አለኝ፣ «ከዚያ ወዲህ ግን አልደወልኩም። ቢሮ ውስጥ እንገናኛለን፤ ሰላም እላታለሁ፣ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ እቃ እቆጥራለሁ።»